ከቤከር ተራራ ጫፍ 300 ሜትር ሲቀረን ለምን ተመለስን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ቅዳሜና እሑድ በዋሽንግተን ግዛት ባለው ቤከር ተራራ ላይ አብራችሁን የነበራችሁ ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። ሁለታችሁ ጽፋችሁልናል። ሌሎቻችሁ ወደ ሲያትል ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም ብላችሁ ነበር። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ጫፉ ፊት ለፊት እየታየን ለምን ተመለስን? እዚያው ላይ በደንብ ልናስረዳችሁ ይገባ ነበር። በሰኔ ለምትሄዱትም ስለሚጠቅም አሁን እንጻፈው።

የተራራው ከፍታ 3,286 ሜትር ነው። እኛ በስኪ፣ ማለትም በበረዶ መንሸራተቻ፣ የምንወጣው በደቡብ በኩል፣ በኢስተን የበረዶ ግግር ላይ ነው። ድንኳን የምንተክለው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ ይወርዳል። እኛ የምናድረው ግን ለእረፍት ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ተነስተን በረዶው ጠጥሮ ሳለ እንድንወጣ ነው።

በዚህ ወቅት ቀን ቀን ፀሐይ በረዶውን ታቀልጠዋለች። ሌሊት መልሶ ይጠጥራል። በግግሩ ውስጥ ያሉትን ጥልቅ ስንጥቆች የሚሸፍነው የበረዶ ድልድይ ሰው ሲሻገርበት የሚታመነው በደንብ ከጠጠረ ነው። ረፋድ ላይ ደግሞ ከላይ ትንሽ ለስለስ ሲል ስኪው ሳይንገጫገጭ ይወርዳል። ያ ሁሉ ድካም ለዚያች ሰዓት ነው። ሰዓቷ ካለፈች ያው በረዶ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይናዳል።

እዚህ ላይ ነው ሌሊቱ የሚመጣው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከብ ሞልቶት ካደረ ጠዋት ማሳው ውርጭ ይመታዋል። ደመና ካደረ ውርጭ የለም። መሬት የቀኑን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ግን እንደ ጋቢ ይሸፍናትና ሙቀቱን ይይዝላታል። በረዶም እንደዚያው ነው። ቅዳሜ እራት ስንበላ እላያችን የነበረው ደመና ሌሊቱን ሙሉ አልተነሳም።

ስንነሳ መንገድ መሪው ጋይዳችን ድንኳኑ አጠገብ የስኪ ዘንጉን በረዶው ላይ ወጋ። ከላይ እንደ ቂጣ የደረቀ ሽፋን ነበር፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ዘንጉ እሱን ሰበረና ያለ ምንም ትግል እስከ ግማሹ ገባ። ሲያወጣው እርጥብ ነበር። «ከፍ ስንል እናየዋለን» አለ። ገመድ ታስረን ጉዞ ጀመርን። መነሳታችን ስህተት ነው ብለን አናምንም። ከፍ ባልን ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ጊዜ ታች የላላው በረዶ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይገኛል። ስህተታችን ዘንጉ የነገረውን ጋይዱ ብቻውን ማወቁ ነው። እናንተ ጨለማ ውስጥ ከጫማችሁና ከገመዳችሁ ጋር ስትታገሉ ማንም ጠርቶ አላሳያችሁም። ለዚህ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሲነጋ ደመናው ተገለጠ። እውነትም ውብ ጠዋት ነበር። ከሸርማን የእሳተ ገሞራ አፍ እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አይታችኋል፣ እንደ ገማ እንቁላል ያለው የድኝ ሽታም ደርሷችኋል። ግን በረዶው ሌሊት ሳይጠጥር ነው ያደረው። የመጨረሻው ዳገት፣ ሮማን ዎል የሚባለው፣ 35 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። እዚያ የተንሸራተተ ሰው የሚወርደው ወደ ዴሚንግ ግግር ስንጥቆች ነው። ሥሩ ደርሰን ዘንጉ እንደገና ሲወጋ እንደ ሌሊቱ ገባ። ፀሐይዋም እየመጣች ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኗል። «የመመለሻው ሰዓት 4 አይደል እንዴ?» ያላችሁን ሰምተናል። 4 ሰዓት የምንለው በረዶው በደንብ ጠጥሮ ላደረ ቀን ነው።

ክረምቱን ሙሉ ሲያትል አቅራቢያ ባለው የስኪ ቦታ፣ ስኖኳልሚ ላይ ስትለማመዱ አይተናችኋል። ከሥራ ፈቃድ ለማግኘት የተቸገራችሁም አላችሁ። ጫፉን አይቶ መመለስ ያማል፤ እኛንም አሞናል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የከፈላችሁትን መመለስ አንችልም። ጋይዶቹ ጫፍ ቢደርሱም ባይደርሱም ሙሉ ክፍያቸውን ያገኛሉ፣ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። «እንመለስ» የሚል ሰው ስለ ደመወዙ ማሰብ የለበትም። ለእናንተ ግን በሰኔ ጉዞ ወይም በሚቀጥለው ዓመት በግማሽ ዋጋ ቦታ ይዘንላችኋል።

ከአሁን በኋላ አንድ ነገር ይቀየራል። ከድንኳን ስንወጣ እያንዳንዳችሁ ዘንጋችሁን ራሳችሁ ትወጋላችሁ። ጋይዱ ምን እንዳየና የት ላይ እንደገና እንደምናየው ያኔውኑ ይነግራችኋል። መንገድ ላይም በየእረፍቱ እንዲሁ እናደርጋለን። የሰኔ ተጓዦች ቅዳሜ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከድንኳን ወጥታችሁ ቀና በሉ። ኮከብ ካያችሁ ለጋይዱ ንገሩት፣ ካላያችሁም ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞው አዘጋጆች