በጄት ጀልባዬ ላይ ስለተገጠመው ፊሽ ፋይንደር የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ መንገድ የተገጠመው ፊሽ ፋይንደርና ትራንስዱሰር እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፤

ከሱቃችሁ ገዝቼ በእናንተው ባለሙያ ያስገጠምኩት ፊሽ ፋይንደር፣ ማለትም ከውሃ በታች ያለውን ዓሣና ጥልቀት በስክሪን የሚያሳየው ዕቃ፣ ውሃ ውስጥ ከሚገባው መለኪያው ከትራንስዱሰሩ ጋር በተሳሳተ ቦታ ስለተገጠመ አይሠራም። ይባስ ብሎ አገጣጠሙ ጀልባዋን ራሷን ጎድቷታል። በስልክ ነግሬያችኋለሁ፣ ሱቃችሁ ድረስም መጥቻለሁ። «እናያለን» ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ሆናችሁ። እርስዎን በአካል ላገኝዎት ስላልቻልኩ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ በጽሑፍ ላስረዳዎት።

ጀልባዋ ትንሽ ባለ ፋይበር የመዝናኛ ጄት ጀልባ ናት። ከወንድሜ ጋር ሆነን ሐረማያ ሐይቅ ላይ ሰው እናንሸራሽርባታለን። የድሬ ሰው ሙቀቱ ሲጠናበት ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ ነፋስ ሊቀበል እንደሚሄድ እርስዎም ያውቃሉ። ከሐረርም በአወዳይ በኩል ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውሃ ያጠጣ ነበር። ከዚያ ደርቆ ሜዳ ሆነ። አሁን ደግሞ ተመልሶልናል፣ ተመስገን ነው።

ፊሽ ፋይንደር የገዛሁበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሐይቁ ደርቆ በነበረ ጊዜ ሰው መሬቱን አርሶበታል፣ ጉድጓድ ቆፍሮ በሞተር ውሃ ስቦበታል። ውሃው ሲመለስ ያ ሁሉ ከሥር ቀረ። ዳር ዳሩን ስንሄድ አንዱ ቦታ ጥልቅ ነው፣ ትንሽ አለፍ ስንል ደለል ላይ እንወጣለን። ከላይ ሲያዩት ውሃው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እኔ ዓሣ ከማየት ይልቅ የፈለግኩት ጥልቀቱን ማወቅ ነበር። ይህንንም ዕቃውን ስገዛ ለሻጩ ልጅ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ጄት ጀልባ መሆኗንም ነግሬያለሁ። ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ጄት ጀልባ ከኋላዋ ውጭ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የላትም። ከሆዷ ሥር ባለው መግቢያ ውሃ ትስባለች፤ ውስጥ ያለው ኢምፔለር የሚባለው ተሽከርካሪ ያንን ውሃ ገፍቶ ከኋላ ባለው አፍ በኃይል ያስወጣዋል። ጀልባዋን የሚገፋት ይህ ውሃ ነው። ጥልቀት በሌለበት ቦታ ስትሄድ ከውሃው ጋር ጭቃ፣ አሸዋና ሣር ትስባለች። ኢምፔለሩ የሚበላሸው በዚህ ነው። ባለሙያችሁ ይህን ስነግረው «ሁሉም ጀልባ ያው ነው» አለኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች መልስ ነው።

ሥራውን ጨርሶ ያስረከበን ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንደተቀመጠች ስክሪኑን ከፈተው። ዓሣ ሲያልፍ፣ የሐይቁ ወለል ከፍ ዝቅ ሲል፣ የጥልቀት ቁጥር ሲቀያየር አሳየን። «ይኸው ይሠራል» አለን። እኔና ወንድሜ ፈርመን ወጣን። በኋላ መመሪያውን ሳነብ ያየነው ነገር ዲሞ የሚባለው ማሳያ መሆኑን ተረዳሁ። ዕቃው ውሃ ሳይነካ፣ ትራንስዱሰሩም ባይገናኝ የሚያሳየው የተቀዳ ምስል ነው። ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ማሳያ እንደ ሙከራ ተደርጎ ለደንበኛ መቅረብ የለበትም። የጀልባ ዕቃ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ውሃ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሐይቅ እንደሌለ ይገባኛል፤ ሐረማያ ግን ሩቅ አይደለም።

ሐረማያ ወስደን ውሃ ላይ ስናወርዳት ችግሩ ወዲያው ታየ። ቆማ ሳለች የሆነ ቁጥር ታነባለች። ሞተሩን ነድተን ፈቀቅ ስንል ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በነጠብጣብ ይሞላል፤ ወለሉ ይጠፋል። የጥልቀቱ ቁጥር መጨረሻ ያየው ላይ ይቆምና ብልጭ ድርግም ይላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ይኼ ነው። አንድ ጊዜ ቁጥሩ 3 ሜትር ላይ ቆሞ ሳለ ወንድሜ መቅዘፊያውን ሲሰድ ወዲያው ጭቃ ነካ። ከፊታችን ቁጥር ያየ ሰው ገና ጥልቅ ነው ብሎ ነዳጅ ይሰጣል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትራንስዱሰር የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ ሞገዱ ወለሉን ነክቶ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ጥልቀቱን ያሰላል። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ነው፤ ይህም አንድ ሰከንድ ለሺሕ ቢከፈል በ4ቱ እጅ ያልቃል። መሃል ላይ የአየር አረፋ ከገባ ግን ሞገዱ አረፋው ላይ ተበትኖ ይቀራል። ባለሙያችሁ ትራንስዱሰሩን በቪቴ ያሠረው ልክ ከጄቱ አፍ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። እዚያ ቦታ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እንደ ፈላ ወተት ነው። ወደ ኋላ ስንሄድማ ከአፉ ላይ የሚወርደው መክደኛ ውሃውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ፊት ይመልስና በቀጥታ ትራንስዱሰሩ ላይ ያራግፈዋል። በዚያ ቦታ የትኛውም ዕቃ ቢገጠም አያነብም።

ዕቃው ራሱ ደህና መሆኑን አረጋግጠናል። ትራንስዱሰሩን ፈተን ዱላ ጫፍ ላይ አሠርነው። ጀልባዋ ቆማ ሳለ ወንድሜ በጎን በኩል ውሃ ውስጥ ያዘው። እኔ ደግሞ ገመድ ላይ ድንጋይ አሥሬ፣ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጌ ጣልኩ። ስክሪኑና ገመዱ ተስማሙ። ችግሩ የሸጣችሁልኝ ዕቃ ሳይሆን አገጣጠሙ ነው።

ቅሬታዬን ሳቀርብ ያው ባለሙያ ተመልሶ መጣ። ስለመጣ አመስግኜዋለሁ። ነገር ግን ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ባሰ። ከኋላ ፈታውና ብረት በይዶ ማቀፊያ ሠራለት። ከዚያ ጀልባዋ ሆድ ሥር፣ ከውሃ መግቢያው ፊት ለፊት በቡሎን አሠረው። ጄት ጀልባ ላይ ከውሃ መግቢያው ፊት ምንም ነገር አይንጠለጠልም። ውሃው ብረቱን መትቶ ይታመሳል፤ ከአረፋው ጋር አየር ወደ ፓምፑ ይገባል። ኢምፔለሩ ውሃ መጨበጥ ሲያቅተው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም።

ይህ የደረሰብን በቁልቢ ሰሞን ነው። ለታኅሣሥ ገብርኤል ስንት እንግዳ ድሬ እንደሚገባ አልነግርዎትም። ከንግሡ መልስ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ተሳፍራ ነበር። መሃል ላይ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ አጓራ፣ ጀልባዋ ቆመች። ነፋሱ ወደ ሣሩ እየገፋን ሄደ። ልጆቹ ሲያለቅሱ እናትየዋ አንድም ክፉ ቃል ሳትናገር አቅፋቸው ተቀመጠች። እኛ በመቅዘፊያ እየታገልን ዳር አደረስናቸው። ሁሉም የሕይወት ጃኬት ለብሰው ስለነበር እግዚአብሔር ይመስገን። ገንዘባቸውን መለስንላቸው። እኔን ያሳመመኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም፤ አምነውኝ የገቡ ሰዎች ፊት ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው።

ጀልባዋን አውጥተን ከአንድ መካኒክ ጋር ስናገላብጣት ሌላም ጉድ ተገኘ። መጀመሪያ በትራፓኖ የተበሱት ቀዳዳዎች የተደፈኑት ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት በሚቀባው ተራ ሲሊኮን ነው። በጣቴ ሳብ ሳደርገው እንደ ማስቲካ ተልጦ መጣ። ከውኃ በታች ለሚውል ቀዳዳ ለጀልባ የተሠራ ማሸጊያ ነው የሚያስፈልገው። ውሃው በዚያ እየገባ ወለሉን አርሶታል። ውሃ ማውጫዋ ፓምፕ ሥራ አልፈታ ያለችው ለካ በዚህ ነበር።

የትራንስዱሰሩ ገመድም ረዘመ ተብሎ ተቆርጧል። በናስትሮ ተጠቅልሎ ተቀጥሏል። ይህ ገመድ እኮ የመብራት ገመድ አይደለም። ውስጡ ቀጫጭን ሽቦዎችና እነሱን ከሌላ ሞገድ የሚጋርድ የተሸመነ ልባስ አለው። መመሪያው አትቁረጡ፣ ትርፉን ጠቅልላችሁ አሥሩት ይላል። በመቆረጡ ምክንያት የፋብሪካው ዋስትና ቢቀርብኝ ተጠያቂው ማን ነው? ኃይሉ ደግሞ የተሳበው ከሞተር ማስነሻው ሽቦ ላይ ያለ ፊውዝ ነው። ሞተሩን ባስነሣን ቁጥር ስክሪኑ ጠፍቶ እንደገና ይበራል። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ነዳጅ ባለበት ጀልባ ውስጥ ማለፉ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው።

መለኪያውም በጫማ እንደሆነ ተትቷል። እኛ ራሳችን ወደ ሜትር ቀየርነው። 10 ጫማ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ 10 የሚል ቁጥር ያየ ነጂ ግን 10 ሜትር ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ከሆዷ ሥር የተንጠለጠለው ብረት ይነሣልኝ። የተበሱት ቀዳዳዎች ሁሉ በኤፖክሲና በፋይበር በአግባቡ ይደፈኑ። ገመዱ ያልተቆረጠ አዲስ ትራንስዱሰር ስጡኝ። ኃይሉ መመሪያው በሚያዘው ፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ፤ ገመዱም ከሞተሩ ሽቦዎች ርቆ ይለፍ።

ቦታውን በተመለከተ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት አንድ ሙከራ እንድታደርጉ እለምናለሁ። የእኔ ጀልባ ሆዷ ከኋላ በኩል ድፍን ፋይበር ነው፤ መሃሉ ላይ ስፖንጅም እንጨትም የለበትም። እንዲህ ባለ ጀልባ ትራንስዱሰሩን ከውስጥ በኩል በኤፖክሲ ማጣበቅ ይቻላል፤ ሞገዱ ፋይበሩን አልፎ ያነባል። መጀመሪያ ግን ውሃ የሞላ ላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ ወለሏ ላይ አስቀምጡትና ሐይቁ ላይ ንባቡን እንየው። ደህና ካነበበ ይጣበቅ፤ ኤፖክሲው ውስጥ አረፋ እንዳይቀር ብቻ ይጠንቀቁ። ሞገዱ ትንሽ እንደሚደክም፣ የውሃውን ሙቀትም በትክክል እንደማይለካ አውቃለሁ። ሁለቱንም እቀበላለሁ። ደለልና ሣር ባለበት ሐይቅ ከሥር የሚንጠለጠል ነገር ባይኖር ይሻለኛል። ከውስጥ አላነብ ካለ ደግሞ ከኋላ፣ ከጄቱ አፍ ርቆ ወደ ጎን፣ ውሃው ያለ አረፋ ለስልሶ የሚወጣበት ቦታ ተፈልጎ ይገጠም። ፊቱ ከውሃው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከጀልባዋ ሆድ ትንሽ ብቻ ዝቅ ይበል።

ርክክቡ ሐረማያ ላይ፣ ጀልባዋ እየሄደች ይሁን። መጓጓዣውን እኔ እችላለሁ። የገጠማ ዋጋ ብላችሁ የተቀበላችሁት ግን ይመለስልኝ፤ ያ ሥራ አልተሠራም። ለመካኒኩ የከፈልኩትንም ብትተኩልኝ ተገቢ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃና አገልግሎት ለገዛ ሰው መብት ሰጥቶታል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት በእናንተው በኩል እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ድሬ ላይ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ነገ ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ ፊት ለፊት መተያየታችን አይቀርም። ሆኖም አሁንም መልስ ካጣሁ ማስረጃዬን ይዤ ለአስተዳደሩ ንግድ ቢሮ አቤት እላለሁ።

የደረሰኙን ቅጂ፣ የቀዳዳዎቹንና የተቀጠለውን ገመድ ፎቶ፣ ስክሪኑ በነጠብጣብ ሲሞላ የቀረጽነውንም ቪዲዮ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ። ጀልባዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ ባለሙያ ልካችሁ ከመነካቷ በፊት እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢያይዋት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የጀልባዋ ባለቤት