ነሐሴ ላይ ሻውማይ እንሠራለን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ለአንድ አፍ ብዬ ምን ድስት እጥዳለሁ» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣም። በሻይና በዳቦ ውለሽ እንደምታድሪ ገባኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ምግብ ልጽፍልሽ ነው።

እዚህ ሻንሃይ ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ የሚገዛው ሻውማይ የሚባል ነገር አለ። ስስ የስንዴ ሊጥ ውስጥ የሚጣበቅ ሩዝ ተሞልቶ በእንፋሎት ይበስላል። አፉ አይዘጋም፤ እንደ ገንዘብ ከረጢት አንገቱ ጨበጥ ተደርጎ ከላይ ክፍት ይተዋል። በደቡብ ቻይና ያሉት የካንቶን ሰዎች የሚሞሉት ሥጋና ሽሪምፕ ነው። የሻንሃዩ ሩዝ ይሁን እንጂ የአሳማ ሥጋ ጣል ስለሚደረግበት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልቀምሰው አለፍኩ። በቀደም ጎረቤቴ «በእንጉዳይ ብቻ እንሠራዋለን» ብለው ማድቤታቸው አስገቡኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። «አዪ» ነው የምላቸው፣ አክስቴ እንደማለት።

እማ፣ የጾም ምግብ ሆኖ ወጣ!

ዋናው ሩዙ ነው። መጀመሪያ ብቻዬን በተራ ሩዝ ሞክሬ ገና ስጎርሰው እንደ ቆሎ ተበተነ። ተራው ሩዝ ውስጥ ያለው አሚሎዝ የሚባለው ስታርች በሚጣበቀው ሩዝ የለም ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ነው እርስ በርሱ የሚያያዘው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ልቀቅለው ስል አዪ እጄን ያዙኝ። ውሃ ውስጥ አይገባም፣ በጨርቅ ላይ ሆኖ ግማሽ ሰዓት በእንፋሎት ብቻ።

ደረቁን እንጉዳይ ሲዘፈዝፉ ውሃውን አይደፉትም። ሽንኩርትና ዝንጅብል በዘይት ቁሌት ይሠራል፣ የተከተፈው እንጉዳይ፣ ሶያ ሶስና ያ ውሃ ይጨመራል፣ ከዚያ ሩዙ በትኩሱ ይለወሳል። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

ሊጡ በፈላ ውሃ ይቦካል። መዳፍ በሚያህል ይዳመጥና ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ እስኪሸበሸብ ይሳሳል። ውስጡ የበሰለ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ግን ጠርዙ ላይ ውሃ ረጨት ማድረግ ግድ ነው። እኔ ረስቼው ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ደረቀ፣ ጥርስ አይደፍረውም።

አዪ እንዳይጣበቅ ከሥሩ የጎመን ቅጠል አነጠፉ። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ህብስት ስትጋግሪ ድስቱ ውስጥ እንጨት ረብርበሽ ኮባ ስታነጥፊ፣ እኔ ክዳኑን ልክፈት ብዬ ስትቆጪኝ። ለአዪ ነገርኳቸው። «እናትሽማ ሥራውን ያውቁታል፣ የሚቀራቸው አንገቱን መጨበጥ ብቻ ነው» አሉኝ።

ለፍልሰታ እመጣለሁ። ሩዙን፣ እንጉዳዩንና የቀርከሃውን ማብሰያ ይዤ ነው የምመጣው። ሊጡን እኔ እዳምጣለሁ፣ አንቺ ተቀምጠሽ አንገቱን ትጨብጫለሽ። ጉልበት አይጠይቅም። አርባ ሃምሳ ሠርተን ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት አራት አውጥተሽ እንፋሎት ላይ ማድረግ ነው። ከአራት አትለፊ። የሚጣበቅ ሩዝ ሆድ ላይ ይከብዳል፤ አዪም ትኩሱን እንጂ ቀዝቃዛውን አይነኩም፣ ለመኝታም አይበሉትም።

ጓሮ ያለውን ኮባ ማንም እንዳይቆርጥብኝ።

ልጅሽ፣ ከሻንሃይ