ቅርፊቱ የተላጠው ዝግባ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው የወንዶ ገነት የተፈጥሮ ደን በቅርቡ ስዘዋወር፣ ግንዱ ግማሽ ዙሪያውን በመጥረቢያ የተላጠና ቅጠሉ የሳሳ አንድ ዝግባ አይቼ፣ ደንን በዛፍ ብዛት ብቻ የመመዘን ልማዳችን ምን ያህል እንደሚያሳስተን ተገነዘብሁ። ግንድን የሚያወፍረው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሕያው ሽፋን በመሆኑ፣ እርሱ ሲቆስል ግንዱ በዚያ በኩል መወፈሩ ይገታል፤ የውስጠኛው ቅርፊት አብሮ ሲላጥም ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ መውረዱ ይስተጓጎላል፤ በቁስሉ የሚገባው ፈንገስም እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። እንዲህ ያለው ዛፍ ፀሐይ ቢያገኝ እንኳ ከጤነኛው ጎረቤቱ እኩል አይወፍርም። ስለዚህ የደን ባለሙያዎች በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ውፍረት ሲለኩ፣ የአናቱንና የቅርፊቱንም ሁኔታ አብረው ቢመዘግቡ መልካም ነው። የታመመ ሁሉ ይቆረጥ ማለቴ ግን አይደለም፤ የተቦረቦረ ግንድ ለወፎች መጠለያ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ