ማህተም የተመታበት ኢሜይል

ህዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለትርጉምና ጉዳይ ማስፈጸሚያ ቢሮው ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃዴን ለማራዘም ስለተሰጠኝ አገልግሎት ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

ፋይሌ እናንተ ጋ ነው። ምን እንዳስገባሁ፣ መቼ እንዳስገባሁ፣ ስንት እንደከፈልኩ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከአዳምና ከሔዋን አልጀምርም። የምጽፍልዎ ስለ አንድ ሐሙስ ነው። ጥቅምት 27፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 6። የመድኃኔዓለም ዕለት።

ነገሩ የተጀመረው ግን ረቡዕ ማታ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሱም። አራተኛው ላይ አነሱ። "ወረቀቱ ወጣ?" አልኩዎ። "ወጥቷል፣ እጄ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነይና ውሰጂ" አሉኝ። እኔ ከዚህ በፊት ስለተቃጠልኩ ደግሜ ጠየቅኩ። "ፊክሲዮንስበሻይኒጉንጉ ነው አይደል? ማመልከቻ የገባበት ደረሰኝ ሳይሆን?" ማመልከቻዬ ውሳኔ እስኪያገኝ አሮጌው ፈቃድ እንደጸና የሚመሰክረውን ጊዜያዊ ወረቀት ማለቴ ነው። የመለሱልኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "አንቺ ደግሞ! በመድኃኔዓለም ዋዜማ እዋሻለሁ እንዴ?"

አመንኩ። ሻንጣዬን ዘጋሁ። ወደ አገር ቤት በረራዬ ቅዳሜ ከፍራንክፈርት ነበር።

ሐሙስ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ሁለት ባቡር ቀይሬ፣ ለሦስት አምስት ጉዳይ ላይ በራችሁ ደረስኩ። ዝግ ነው። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ጸሐፊዋ መጣች። እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሻይ አፍልታልኛለች፣ ይቅርታም ጠይቃኛለች። ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ መሆኗ ነው የሚገርመው። እርስዎ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ገቡ። ስልክ ጆሮዎ ላይ ነው። ጣትዎን አንስተው "አንዴ" የሚል ምልክት አሳዩኝ። ያቺ አንዴ ሃያ ደቂቃ ፈጀች። በሃያ ደቂቃው ውስጥ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ብዙ ተማርኩ።

ከዚያ መሳቢያውን ስበው ቡናማ ፖስታ አወጡ። ፖስታው ላይ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። የእኔም የአባቴም ስም የለም። እሺ ይሁን፣ ከፈትኩት። አንድ ነጠላ ወረቀት። አነበብኩት። በጀርመንኛ "ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ ይህ መልእክት በኮምፒውተር የተላከ ስለሆነ መልስ አይስጡበት" ይላል። ኮምፒውተር በራሱ የላከው ኢሜይል ነው። በፕሪንተር ወጥቷል። ከግርጌው ደግሞ የእርስዎ ክብ ሰማያዊ ማህተም አርፎበታል። ፊርማም አለው።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩዎ።

"ወረቀቱ።"

"ይሄ እኮ ኢሜይል ነው።"

"ማህተም አድርጌበታለሁ እኮ!"

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። ያ ማህተም ለትርጉም ሥራ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ምለው ያገኙት ነው። "ይህን ጽሑፍ በትክክል ተርጉሜዋለሁ" ለማለት ነው የሚመታው። ኢሜይሉ ደግሞ አልተተረጎመም። ከላይ እስከ ታች ጀርመንኛ ነው። ታዲያ ማህተሙ ምኑን ነው ያረጋገጠው? አገራችን ማህተም ሲያዩ ሰዎች ዝም እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔም ዝም እንድል ነበር የታሰበው።

ዝም ሳልል ስቀር "ሕጉ ይፈቅድልሻል፣ ያለሱም መብረር ትችያለሽ" አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው፣ ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት፣ ፈቃዱ ሳያበቃ ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪሰጠው ድረስ አሮጌው ፈቃድ እንደጸና ይቆያል። ግን ቦሌ ላይ ፓስፖርት የሚያየው ልጅ አንቀጽ 81ን በቃሉ አይዝም። የሚያየው ካርዴን ነው። ካርዱ ኦክቶበር 31 ይላል። በቃ፣ ተመለሽ። ፎቶ ያለበት፣ የውጭ ዜጎች ቢሮው ራሱ የሚሰጠው ያ ወረቀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚያም ላይ የትኛው ሣጥን ላይ ምልክት እንደተደረገ ይታያል። ምልክቱ የአንቀጽ 81 ንዑስ 4 ሣጥን ላይ ከሆነ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፣ ሌላው ላይ ከሆነ አይቻልም። እኔ ይህን የማውቅ ተራ ደንበኛ ነኝ። እርስዎ ኑሮዎ ነው።

ይህን ሁሉ "እርስዎ" እያልኩ ነበር ያስረዳሁት። እርስዎ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "አንቺ" ነው የሚሉኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ግድ የለኝም። ግን ቀጥሎ ያሉትን ማለፍ አልቻልኩም። "ዶክተር ሆነሽ ትንሽ ትዕግስት የለሽም? ጤፍ ለማየት ነው አይደል የምትሄጂው? ጤፍ የትም አይሄድም።"

ጤፍ ይሄዳል፣ ጌታዬ።

የምሠራው የጤፍ መጋሸብ ላይ ነው። ጤፍ አገዳው ቀጭን ነው፣ ፍሬው ሲሞላ ራሱን መሸከም አቅቶት ይተኛል። ከተኛ በኋላ ምርቱም ጥራቱም ይወርዳል፣ አጨዳውም ያስቸግራል። ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል በ2006 በፈረንጆቹ ያወጣው ቁንጮ ዝርያ ምርቱ ስንት ቤት እንደገባ አገር ያውቃል፣ መጋሸብ ግን አሁንም ያልተፈታ ጉዳይ ነው። የእኔ መደቦች እዚያው ቢሾፍቱ ናቸው፣ ጥቁር አፈር ላይ። ከመታጨዱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት መስመር በመስመር እየሄድኩ፣ የቱ ምን ያህል እንደተኛ ከ0 እስከ 5 ነጥብ እሰጣለሁ። ዓይን ነው የሚሰጠው። ያለፈውን ዓመት ነጥብ የሰጠው ዓይን ዘንድሮም ያው መሆን አለበት። አለዚያ ማወዳደር አይቻልም። ባልደረቦቼ እግዜር ይስጣቸውና ፎቶ እያነሱ ላኩልኝ። ፎቶ ላይ የተኛ ጤፍና የቆመ ጤፍ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከዚያ ታጨደ። ቀጣዩ ዕድል የዛሬ ዓመት ነው።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ። ሲጨንቅዎ "የሥራ ኤጀንሲው ፈቃድ እስኪመጣ ነው የዘገየው" አሉኝ። ይህንንም ኦክቶበር ላይ ሁለት ጊዜ በስልክ ብለውኛል። ለእኔ ግን የሥራ ኤጀንሲ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። እዚህ አገር ያለሁት በዚያው የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 18 ዲ ነው። አውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2016 ለተመራማሪዎች ባወጣው መመሪያ መሠረት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። የሚጠየቀው ዋናው ነገር የምርምር ተቋሙ ሊያስተናግደኝ የፈረመው ውል ነው፣ አውፍናህመፈራይንባሩንግ የሚሉት። የሥራ ኤጀንሲው ስምምነት አያስፈልግም፣ አንቀጹ ራሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይላል። ስለዚህ እኛ ለሳምንታት ስንጠብቅ የነበረው ማንም ያልጠየቀውን መልስ ነው።

በዚያ ላይ "ነገሩ ስድስት ወር ይፈጃል፣ ለማፋጠን ግን መንገድ አለን" ብለው 120 ዩሮ "ማፋጠኛ" ተቀብለውኛል። ሕጉ ተቋሙ ከፈረመው ውል ጋር ለሚቀርብ ማመልከቻ 60 ቀን ነው የሚለው። ምኑን እንዳፋጠናችሁት እስካሁን አልገባኝም።

በመጨረሻ ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮው ራሴ ሄድኩ። ኖቬምበር 18 ነው። የተቋሜ የውጭ ተመራማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ኢሜይል ጻፈችልኝ፣ ቀጠሮ ተሰጠኝ፣ ገባሁ። የቢሮው ሠራተኛ ፋይሌን ከፍታ ግንባሯን ቋጠረች። ማመልከቻው የገባው ኦክቶበር 29 ነው፣ ፈቃዴ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው። እኔ ሰነዱን ሁሉ ያስረከብኳችሁ ኦገስት ላይ ነው! የገባውም በተማሪ ዘርፍ ነው። የተያያዘው ውል ደግሞ ያለፈው፣ ጊዜው ያበቃው። አዲሱ፣ የሁለት ዓመቱ፣ በእጄ የሰጠኋችሁ፣ የለም። "ተማሪ ነሽ?" አለችኝ። ፒኤችዲዬን ከያዝኩ አምስት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ አስተካክላ፣ አዲሱን ውል ስካን አድርጋ፣ ፊክሲዮንስበሻይኒጉንጉን አትማ ሰጠችኝ። ቡና ጠጥቶ ለመነሳት እንኳ የማይበቃ ጊዜ። ዋጋው 13 ዩሮ።

13 ዩሮ። ለእናንተ 380 ከፍያለሁ፣ ከማፋጠኛው ጋር 500።

ማመልከቻው ቢያንስ ከኦክቶበር 31 በፊት በመግባቱ አመሰግናለሁ ማለት ይኖርብኝ ይሆናል። በሁለት ቀን ነው የተረፍኩት። መሥሪያ ቤቴ ግን የጸና ፈቃድ ማስረጃ ፋይል ውስጥ መያዝ ስላለበት የሰው ኃይል ክፍሉ ሁለት ጊዜ ጽፎብኛል። ያንን አላብራራም፣ ያሳፍራል።

እግረ መንገዴን ሌሎቹንም ላንሳ፣ አንዴ ከተነሳሁ። ኦገስት ላይ ቢሮአችሁ ጥግ ባለችው ነጭ መጋረጃ ፊት አቁማችሁ ፎቶ አነሳችሁኝ፣ 15 ዩሮ አስከፈላችሁኝ፣ አራት ጉርድ ፎቶ በወረቀት ሰጣችሁኝ። ከሜይ 2025 ጀምሮ እኮ ለእንዲህ ያለ ሰነድ በዲጂታል የሚላክ ፎቶ እንጂ የወረቀት ፎቶ አይሆንም። አራቱም ቤቴ አሉ፣ ለአልበም ይሆኑኛል።

ያለፈው ዓመት የልደት ምስክር ወረቀቴም አለ። የተወለድኩት ጳጉሜ 3 ቀን 1983 ነው። እናንተ "ዲሴምበር 3" ብላችሁ ተረጎማችሁት። ስጠይቅ "13ኛ ወር ሲስተሙ አይቀበልም፣ ስለዚህ 12 አደረግነው" ተባልኩ። ጳጉሜ 3፣ 1983 ሴፕቴምበር 8፣ 1991 ነው። ይህን ለማስተካከል እንደገና 60 ዩሮ አስከፈላችሁኝ። የራሳችሁን ስህተት። ያኔ ዝም አልኩ፣ የአገር ልጅ ናቸው ብዬ። ዝምታዬ ነው እዚህ ያደረሰኝ።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ስጀምር ይቅርታ ብቻ ልጠይቅ ነበር። እየጻፍኩ ስደምረው ሐሳቤን ቀየርኩ። ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። 500 ዩሮው ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ለማስቀየር የከፈልኩት 185 ዩሮ ይጨመርበት፣ ደረሰኙን አያይዣለሁ። የፎቶው 15 እና የጳጉሜዋ 60ም እንዲሁ። ድምሩ 760 ዩሮ ነው። ስከፍላችሁ ገንዘቡን የላክሁበትን የባንክ ሒሳቤን ቁጥር ይዛችኋል፣ በዚያው መልሱልኝ። ጊዜው ከዛሬ ጀምሮ 14 ቀን ነው።

የሰጠኋችሁን ውክልና ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ። ከእንግዲህ በእኔ ስም ለማንም ቢሮ እንዳትጽፉ። የፓስፖርቴን፣ የዲግሪዬንና የደመወዝ ወረቀቴን ቅጂ ከኮምፒውተራችሁም ከመሳቢያችሁም አጥፍታችሁ፣ መጥፋቱን በጽሑፍ አሳውቁኝ። የውሂብ ጥበቃ ሕጉ ይህን የመጠየቅ መብት ይሰጠኛል።

በ14 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ለሸማቾች ማዕከል አመለክታለሁ፣ ገንዘቡን ደግሞ በፍርድ ቤት የክፍያ ትእዛዝ እጠይቃለሁ። ማህተሙን በተመለከተም፣ መሐላ ላስፈጸመዎት ፍርድ ቤት ያልተተረጎመ ኢሜይል ላይ ለምን እንደተመታ ራስዎ ቢያስረዱ ይሻላል። ይህን መጨረሻ ላይ ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። ወይም፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ለማስፈራራትም ነው።

ስልክ አይደውሉልኝ። መልሱን በጽሑፍ ይላኩልኝ። የጽሑፍ መልስ ላይ ቢያንስ ቀን ይኖረዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

ደንበኛችሁ የነበረችው

ማሳሰቢያ፦ ማህተም ያረፈባትን ወረቀት "መልሺልን" ብላ ጸሐፊዋ ትናንት መልእክት ልካልኛለች። እሷን ማስቸገር አልፈልግም፣ ግን አልመልስም። ቅጂ ከፈለጋችሁ እልክላችኋለሁ፣ ያለ ማህተም።