ስለ ረዳትዎ

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 2017

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ልጅ ሆኜ አሰብ ድረስ የምንልክልዎትን ደብዳቤ እንዲህ ነበር የምጀምረው። እህቴ እታለም ታስጽፈኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ከናፍቆትህ በስተቀር በል» ትለኛለች። እኔ ፈርቼ «ከናፍቆትዎ» እላለሁ። ከቤታችን ሰው እርስዎን «አንተ» የምትል እሷ ብቻ ነበረች። እማዬ እንኳን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ደፍራው አታውቅም።

ከኮምቦልቻ ደሴ ምን ያህል መንገድ ነው፣ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። ጆሮዎ ነው ምክንያቱ፣ አይቆጡኝ። ስልክ ስደውል እኔ እጮሃለሁ፣ እርስዎ ይጮሃሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ የበርበሬ ዋጋ ስንጠያየቅ ይሰማል። ለበርበሬው ግድ የለም። ስለ እታለም ግን እየጮሁ ማውራት አልሆነልኝም። ዓይንዎ ደግሞ ተመስገን ነው፤ መነጽርዎ የገባበት ካልጠፋዎት በቀር።

በሙት ዓመቷ ዕለት፣ ሰው ተበትኖ ድንኳኑ ሲፈርስ እያዩ አንድ ነገር ተናገሩ። «ይቺን ልጅ ሳላውቃት ሞተችብኝ፤ ወር መንገድ፣ ሦስት ቀን ቤት» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም። እኔ ወንበር እየደራረብኩ ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

እና የማያውቁትን ልንገርዎት ብዬ ነው። አንዳንዱን ያኔ ቢሰሙ ቀበቶዎን ይፈቱ ነበር። አሁን የሚገረፍ የለም። እሷ የለችም፣ እኔም ሃምሳ ሊሞላኝ ነው።

በወፍጮው ልጀምር። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጤፍ አሸክማ ወፍጮ ቤት ትልከን ነበር። ወረፋው እስከ ቀትር አይደርስም። እታለም ማዳበሪያውን ወረፋ ታስይዝና ከኋላችን ላሉት ሴትዮ አደራ ትላለች። ከዚያ ሽቅብ ወደ ጦሳ ተራራ! እኔ ስምንት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ አንድ። ትንፋሼ ሲቆረጥ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች። መንገድ ላይ ቀጋና እንጆሪ እንለቅማለን። እረኞቹ ስሟን ያውቁታል። እንዴት እንዳወቁት ጠይቄያት «ባለፈው ሳምንት አንተ ስትታመም ብቻዬን መጥቼ ነበር» አለችኝ። እስቲ ይታይዎት፣ ብቻዋን!

ከላይ ሆነን ደሴ ቆርቆሮዋ ሲያብለጨልጭ እናያለን። ጉሙ ሲመጣ ደግሞ ከተማዋ እንዳለ ትጠፋለች፤ አንዱ መስጊድ ሲያዛን ድምፁ ብቻ ከጉሙ ውስጥ ይወጣል። እሷ ግን ለከተማው ብላ አልነበረም የምትወጣው። ወደ ኮምቦልቻ በኩል ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች። ጉንዳን የምታክል መኪና ባየች ቁጥር «መጣ! የአባዬ ነው፣ በሸራው አወቅሁት!» ትላለች። ከዚያ ርቀት ሸራ ቀርቶ መኪናውም በወጉ አይለይም። አንድም ቀን ልክ ሆና አታውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ድንጋይ ላይ ናት።

ስንመለስ ወፍጮ ቤት ትገባና ከመሬት ዱቄት ዘግና ፊቷን ትቀባለች። እኔንም ፀጉሬ ላይ ትበትንብኛለች። እማዬ «ልጆቼን፣ ሲጉላሉ ዋሉ» ብላ ሻይ ታፈላልናለች።

አገጯ ላይ የነበረው ጠባሳስ? ለእርስዎ «ከመድኃኔዓለም ደረጃ ወድቃ ነው» ብለንዎት ነበር። ውሸት ነው። ባዶ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ከጦሳ ቁልቁል ስትንሸራተት ነው። ደሙ እየፈሰሰ ትስቅ ነበር። እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። «ደረጃ በል፣ ደረጃ በል» እያለች እስከ ቤት አስጠናችኝ።

አሁን ትንሽ ከበድ ያለው። ከመኪናዎ የጠፋውን ከመነዳሪ ያስታውሳሉ? አዲሱን። ረዳትዎን ጠርጥረው ስንት ቀን እንደተቆጡት እኔ አልረሳሁትም። ምስኪን፣ ምሎ ተገዝቶ ነበር። የወሰደችው ልጅዎ ናት። እሷና የሸዋ በሯ ጓደኛዋ ሐይቅ ድረስ ይዘውት ሄደው ነፍተው ዋና ተማሩበት። የፊያት ከመነዳሪ ሁለት ልጃገረድ ይችላል፣ አይቻለሁ። እኔ ዳር ተቀምጬ ጫማቸውን እጠብቃለሁ። ልብሳቸው ደርቆ እስኪለብሱ ፀሐይ ትጠልቅና ጭነት መኪና ለምነው ሠላሳ ኪሎ ሜትሩን ይመለሳሉ። ሾፌሮቹ የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰሙ ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። ለእርስዎ አለመናገራቸው ይገርመኛል። ምናልባት እሷ አስምላቸው ይሆናል።

አንድ ጊዜ ደግሞ እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ነው ብላ እሷ ናት የነገረችኝ። ሴት አይገባም። እኔ ገባሁ፣ እሷ ውጭ ዛፍ ስር ቀረች። ስወጣ «ምን አየህ?» አለችኝ። «ቤተ ክርስቲያን» አልኳት። «ሌላስ?» «መነኩሴ።» ተናደደች። «ዓይን ለአንተ መሰጠቱ!» ብላ መልሳ ሰደደችኝ። ሁለተኛ ገብቼ የዛፉን ዓይነት፣ የበሩን ቀለም፣ የመነኩሴውን መቋሚያ ሳይቀር ቆጥሬ ነገርኳት። ዛሬም አንድ ቦታ ስገባ ወጥቼ ለእሷ የምነግራት ይመስል ዙሪያውን አያለሁ።

ስለ ጓደኛዋ ካነሳሁ አይቀር። እርስዎ የሚያውቋት በለቅሶው ነው፤ ሦስቱን ቀን ምንጣፍ ላይ ተኝታ ያደረችውን። ከዚያ በፊት የነበረውን አርባ ዓመት አላዩትም። ሁለቱ ሥጋ አብረው መብላት ስለማይችሉ፣ ያው እንደምናውቀው እስላምና ክርስቲያን ቢላዋቸው ለየቅል ስለሆነ፣ ሐይቅ የወደዱት ለዋናው ብቻ አልነበረም። ለዓሣው ነው። እታለም የተጠበሰ ዓሣ ፊቷ ሲቀርብ «ዓሣ አላህም እግዜርም አልተጣሉበት፣ ብይ!» ትላት ነበር። በአረፋ ጊዜ የጓደኛዋ እናት ለእኛ ቤት የቁም ዶሮ ይልካሉ፣ እኛ እንድንባርከው። በፋሲካ እኛም እንዲሁ።

እና አንድ ነገር፣ ይኼን ሳልነግርዎት መቅረቴ ያሳፍረኛል። እታለም አርብ አርብ ከእነሱ ቤት ቡና አትቀርም ነበር። እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች። ሴትዮዋ ጭሱን አጭሰው፣ አቦሉን ቀድተው ዱአ ያደርጋሉ። ለታመመው፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ ለአገሩ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «የእነዚህን ልጆች አባት ከበረሃ በሰላም መልስልን» ይላሉ። እነሱ «አሚን»፣ እኛ «አሜን»። ሀረጎን በዝናብ ሲወርዱ፣ የአፋርን በረሃ ሲያቋርጡ፣ ሸዋ በር አንድ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ስምዎ ይነሳ ነበር ማለት ነው።

በመኪናዎ እስከ ሚሌ ይዘዋት የሄዱበትን ጉዞ አልደግመውም፣ እርስዎ ነበሩበት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነው «ረዳቴ» ማለት የጀመሩት። ግን እሷ እንዴት እንደምታወራው አልሰሙም። መጀመሪያ እንደመጣች ልክ ልኩን ተናገረች። ባቲን፣ ግመሎቹን፣ መኪና ስር ምንጣፍ አንጥፋችሁ ማደራችሁን፣ ዳገት ላይ ስትቆሙ እሷ ዘልላ ወርዳ ታኮ ማድረጓን። በዓመቱ ስታወራው ግን ሚሌን አለፋችሁ። በሁለተኛው ዓመት ባሕሩ ከሩቅ ታያት። እኔ ሚስት ሳገባ «እኛ አሰብ ስንመላለስ» ብላ ለሙሽራዬ ስታወራ እግሯን ባሕሩ ውስጥ ነክራ፣ ዛጎል ለቅማ፣ መርከብ ሲራገፍ አይታ ነበር። ማን ያርማታል? በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ እርስዎ ወደ ጅቡቲ መስመር ሲዞሩ፣ «ባሕሬን ዘጉብኝ» ብላ የምር አዘነች። አንድም ቀን ያላየችውን ባሕር!

መናኸሪያ አጠገብ የከፈተቻትን ቁርስ ቤት ያውቁታል። እሁድ በመዝጋቷ ስንቴ ተጨቃጨቃችሁ። «ገበያ ያለው እሁድ ነው» ይሏት ነበር፣ ልክ ነዎት። እሷ እሁድ ምን ታደርግ እንደነበር ግን ልንገርዎት። አባዱላ ትኮናተራለች። የራሷን ሁለት ልጆች፣ የእኔን ሦስት፣ የጓደኛዋን አራት፣ የጎረቤቱን ቁጥሩን አላውቅም፣ አጭቃ ትወጣለች። ሲበርዳቸው ወደ እኛ ኮምቦልቻ ፀሐይ ለመሞቅ ይወርዳሉ። ሲያሻት ወደ ሐይቅ። በክረምት በለስ ሊበሉ። አንድ እሁድ ማታ አሥራ ምናምን ልጅ ጣቱን ዘርግቶ ተሰልፎ፣ እሷ በወረንጦ የበለስ እሾህ ስትነቅል ደርሻለሁ። ልጁ ሲያለቅስ «አብሽር፣ አብሽር፣ ሾፌር አያለቅስም» ትለዋለች። ሾፌር የምትለው እኮ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። የሳምንት ትርፏ እዚያ ነው የሚያልቀው። ባሏ ያጉረመርማል፣ ኋላ ግን ራሱ ኳስ ይዞ ከፊት ወንበር ይቀመጣል።

ሁሉ ነገር አማረላት አልልም። ግልፍተኛ ነበረች። ቂም ባትይዝም አፏ ይቆርጣል። የእኔን ሚስት ሁለት ጊዜ አስለቅሳታለች። ብድር አበድራ መጠየቅ አትችልበትም፣ ቁርስ ቤቷን ሊያዘጋት የነበረውም እሱ ነው። ይኼንንም ይወቁት ብዬ ነው።

አሁን ወደ ንግግርዎ ልመለስ።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴን ሲቃረብ፣ «እኔ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም፣ በዚህ ዕድሜዬ መንገድ በቃኝ» አሉ። ያኔ እሷ ልጆቿን ከእኔ ልጆች ጋር ጫነችና ወደ አዲስ አበባ ሸኘችን። «ሹፌር ያለ ረዳት አይቀመጥም» ብላ እርስዎ ዘንድ ቀረች። ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ድምፅዋን እስክሰማ አምስት ሳምንት አለፈ። እኔ ያን ጊዜ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ሆነን በየሌሊቱ ከተማውን በሐሳቤ ስዞር ነበር የማድረው። ስልኩ ሲሠራ መጀመሪያ ያለችኝን ያውቃሉ? «ዱቄት አልቆብን ነበር» አላለችም። «አባዬ ገበጣ እንደዚህ እንደሚችል አታውቅም ነበር አይደል?» ነው ያለችኝ። ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ አምስት ሳምንት ስጠይቃት «የእኔና የእሱ ነው» ትለኛለች። እስከ መጨረሻው እምቢ እንዳለችኝ ሄደች።

ስለዚህ አባዬ፣ ወፍጮውን እኔ አውቃለሁ። ዓሣውን ጓደኛዋ ታውቃለች። በዚያ ጨለማ፣ በኩራዝ፣ ተኩስ እየተሰማ አምስት ሳምንት ከእርስዎ ጋር ገበጣ የተጫወተችውን ሴት ግን ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቃትም። እኔ በዚያ እቀናለሁ፣ እውነቴን ነው።

ከታመመች በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ሁላችንም ነበርን። አንዲት ነገር ብቻ ላርም። የመጨረሻው ሳምንት፣ እጅዎን ይዛ አንድ ነገር ስትናገር እርስዎ አልሰሙ ብሎዎት «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ነኝ አለች» አልኩዎት። ዋሸሁ። ያለችው «ሸራው አረንጓዴ ነበር ወይስ ቡኒ?» ነው። እኔ ቀለሙን አላስታውስም፤ ደግሜ ጮክ ብዬ ልጠይቅዎት ብል ደግሞ ድምፄ እምቢ አለኝ። እሷም ጠብቃ ጠብቃ ተኛች።

እሁድ አባዱላ ይዤ እመጣለሁ። ልጆቹ ሁሉ አሉበት፣ ጓደኛዋም ትመጣለች። ሐይቅ ሄደን ዓሣ እንበላለን። ነፋስ ስላለ ጋቢዎን እንዳይረሱ። የፊት ወንበሩ የእርስዎ ነው፣ ሾፌሩን ግን መንዳት አያስተምሩት፤ ባለፈው ተቀይሞ ነበር።

እና መንገድ ላይ፣ ሰው ሰማ አልሰማ ሳይሉ፣ የሸራውን ቀለም ይንገሩኝ።

ልጅዎ