የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «የትኛው ፓውንድ?»

የሒሳብ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ርዕስ ላይ ሠራ። የድሮ የክብደት መለኪያዎችን አንዱን ወደ ሌላው መቀየር ነበር ሥራችን። ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። አብዛኞቹ ቀላል ነገር መስሏቸው ነበር። ሠንጠረዥ ማየት፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ አለቀ። ብዙም ሳንቆይ ግን ክርክሩ ጦፈ።

ክርክሩን ያስነሳው አንድ የቆየ ጥያቄ ነው። አንድ ፓውንድ ወርቅ ይከብዳል ወይስ አንድ ፓውንድ ላባ? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እኩል ናቸው!» አለ። መልሱ ግን ላባው ነው። ወርቅና ብር የሚመዘኑት ትሮይ በሚባለው ፓውንድ ነበር። እሱ 373.24 ግራም ነው። ሌላው ሸቀጥ የሚመዘንበት ፓውንድ ደግሞ 453.59 ግራም ነው። ይህን ሲሰሙ ሁሉም ደብተራቸውን ከፈቱ። ጥያቄውን በአውንስ ስንደግመው ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ወርቁ ይከብዳል። የወርቁ አውንስ 31.10 ግራም ሲሆን የሸቀጡ 28.35 ግራም ነው። ምክንያቱ ትሮይ ፓውንድ በ12 አውንስ ሲከፈል፣ የሸቀጡ ፓውንድ በ16 አውንስ መከፈሉ ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ግሬን የሚባለው ትንሹ መለኪያ ነው። ግሬን በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ትሮይ ፓውንድ 5,760 ግሬን አለው፤ የሸቀጡ ፓውንድ 7,000። የወርቁ አውንስ 480 ግሬን፣ የሸቀጡ 437.5። ከዚህ በኋላ በክበባችን ማንም ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ዘሎ መሄድ ቀረ። መጀመሪያ ወደ ግሬን እናወርዳለን፣ ከዚያ ወደሚፈለገው እናወጣለን። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ግን የት እንዳሉ ሁልጊዜ ያውቁታል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በዚሁ መንገድ የሕንዱን ቶላ ስትመረምር አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘች። አንድ ቶላ 180 ግሬን ነው። ስለዚህ 8 ቶላ 1,440 ግሬን ይሆናል። ይህ ደግሞ ልክ 3 ትሮይ አውንስ ነው፤ ትርፍም ጉድለትም የለውም። ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ናት ያገኘችው። እኔን ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የዓመቱ ሥራ ይህ ነው።

ቁጥር ማጠጋጋት ላይም ብዙ ለፋን። 100 የወርቅ አውንስ ስንት የሸቀጥ አውንስ ይሆናል? በግሬን ከተሠራ 109.71 ነው። አንዳንዶቹ ግን ለማቅለል ብለው 31ን ለ28 አካፈሉና 110.71 አመጡ። አንድ ሙሉ አውንስ ከየት መጣ? ምንም ካልነበረበት! እዚህ ላይ የተስማማንበት ሕግ በግድግዳችን ላይ ተለጥፏል፦ ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ ብቻ።

ስም አንድ ሆኖ ክብደት ስለሚለያይበት ነገር ስንነጋገር ፈረሱላም ተነሣ። የእኛ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። በዛንዚባር ግን 35 ፓውንድ ነበር፤ 16 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ፓውንድ ራሱ ዛሬ ያለውን ቁርጥ ያለ ዋጋ፣ ማለትም 0.45359237 ኪሎ ግራምን፣ የያዘው በ1959 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ተስማምተው ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለየቡድኑ አንድ ወረቀት ሰጠሁ። «አንድ አውሮፕላን ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገዋል። በታንኩ ውስጥ 7,682 ሊትር አለ። ስንት ሊትር ይጨመርለት?» ይላል። ከሥሩ 1.77 እና 0.803 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። መለኪያቸውን ሆን ብዬ አልጻፍኩም። አንዳንዱ ቡድን በ1.77 ሠርቶ 4,917 ሊትር አመጣ። ሌላው በ0.803 ሠርቶ 20,089 ሊትር ገደማ አገኘ። አንድ ቡድን ብቻ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ቁጥሮቹ የምን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ቡድን ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ከዚያ ታሪኩን ነገርኳቸው። ነገሩ በእውነት የደረሰው በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ ነው። አውሮፕላኑ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ነበር። 1.77 የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው፤ በኪሎ ግራም ግን 0.803 ነው። የተሰላው በ1.77 ስለነበር አውሮፕላኑ የተጨመረለት ከሚያስፈልገው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ከ12 ሺህ ሜትር በላይ እየበረረ ሳለ ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሳፍፈው ጊምሊ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የቀድሞ አየር ኃይል ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፉት። ከተሳፈሩት 69 ሰዎች የሞተ የለም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቁጥር ጎን መለኪያ ሳይጻፍ የቀረ የቤት ሥራ እምብዛም አላየሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪዎቹ ከዚህ ክበብ ሌላ ምንም ባይዙ ይህ ልማድ ብቻውን ይበቃኛል።

በዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቹ ሁሉንም መለኪያዎች በግሬንና በግራም የሚያሳይ ትልቅ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ አቀረቡ። ሠንጠረዡ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ይገኛል። የሠሩት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። አስመራሪውን ሒሳብ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ደጋግመው አረጋግጠውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ይዘት መለኪያዎች እንሄዳለን። ጋሎንም እንደ ፓውንድ ሁለት ዓይነት ነው፤ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር፣ የአሜሪካው 3.785 ሊትር። መግባት የሚፈልግ ተማሪ መስከረም ላይ ለክበቡ ጸሐፊ ስሙን ያስመዝግብ። የሒሳብ ውጤት አንጠይቅም። ደብተርና እርሳስ ይዞ መምጣት በቂ ነው።