እማዬን ትቀበዪልኛለሽ?

ቀጮዬ፣

እንደምን ከረምሽ ልል ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ አጥፍቶ እንደምን ከረምሽ ማለት ድፍረት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስድቡን በኋላ ታወርጂብኛለሽ። ስለ ፒያሳም አትጠይቂኝ፤ ግማሹን ብታዪው አታውቂውም። አሁን ጉዳይ አለኝ።

እማዬ አሜሪካ ልትመጣ ነው። አዎ፣ ከፒያሳ ለገሃር በታክሲ ስትሄድ የሚያጥወለውላት እማዬ! ሚጣ ወልዳለች፤ ኦሃዮ ድረስ ሄዳ ልታርሳት ነው። ሐሙስ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ከቦሌ ተነሥታ፣ ዓርብ ጠዋት በእናንተ ሁለት ሰዓት ተኩል (በሐበሻ ነው የምልሽ) ዋሽንግተን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ትገባለች።

ትኬቱ ከተቆረጠ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። 11,500 ኪሎ ሜትር! አባቷ የባቡር ሰው ስለነበሩ እሷ ርቀት የምትለካው በጅቡቲ ነው። «ስንት ጅቡቲ ይሆናል?» አለችኝ። የድሮው ሀዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ አካፍዬ «አሥራ አምስት ገደማ» ስላት አማተበች። «አባቴ አንዱን ጅቡቲ ሦስት ቀን ነበር የሚፈጅበት፤ እኔ አሥራ አምስቱን በአንድ ሌሊት?»

አንድ ሌሊትም አይበቃው፤ ከነማረፊያው 17 ሰዓት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ አይደል? አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል፤ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል። እዚያ «ደረስን» ብላ ወርዳ እንዳትቀርብኝ! ደለስ ደግሞ ይብሳል፤ የኦሃዮውን ከመያዟ በፊት ፓስፖርት አስመትታ፣ ሁለቱን ሻንጣ ራሷ አውጥታ፣ ጉምሩክ አልፋ እንደገና ማስረከብ አለባት። በየትኛው እንግሊዝኛ?

የመልሱ ጉዞ ይቀላል። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ።

ይቺን 13 ሰዓት ድሮም አውቃታለሁ፣ ቀጮ። እናትሽ ያረፉ ዕለት ስትደውዪ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። «እስክደርስ አቆዩልኝ» ልትዪኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ሽማግሌዎቹ ቀብሩን በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ብለው ቆርጠዋል። ድንኳኑ ጥግ ቆሜ ደመርኩት፤ ትኬት ፍለጋውን፣ በረራውን፣ ከቦሌ ያለውን መንገድ። አትደርሺም። ያንን ላለመንገር ሳላነሳው ቀረሁ። ከዚያ ደግሞ ለምን እንዳላነሳሁ ላለመንገር...

ተይው። ዛሬ እናቴን ተቀበዪልኝ ማለቴ እንዴት እንደሚሰማሽ አላጣሁትም። ካልሆነልሽ ሰው ላኪ፣ አልቀየምም። (ውሸቴን ነው።)

ከጉምሩክ ስትወጣ በሩ ላይ ቁሚላት። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ሻንጣዎቹ ላይ ቀይ ሪባን አስሬባቸዋለሁ። በአንደኛው ውስጥ ያንቺ በርበሬ አለ። እኔ አልነገርኳትም፤ «ለዚያች ልጅ ከእንግዲህ ማን ይልክላታል?» ብላ ራሷ ናት የቋጠረችው።

ስልክሽ የድሮው ነው? ነገ ማታ እደውላለሁ።